የቡድሃውን ጀርባ ለማየት

ከሎስ አንጀለስ ስመለስ የሰፈሬ ሰው የጠየቀኝ ስለ ባሕሩና ስለ ሆሊውድ ነው። ባሕሩን አላየሁትም። ሆሊውድን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው፤ ያውም አጎቴን መብራት ሲይዛቸው። በደንብ ያየሁት ነገር ቢኖር ሁለት ስንዝር የማይሞላ የነሐስ ሰው ጀርባ ነው። እሱን ለማየት ስድስት ቀን ፈጀብኝ። እሱ ያለበት ሙዚየም ከአጎቴ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

አስቀድሜ ሥራዬን ልናገር። አንጥረኛ ነኝ። ቀለበት እበይዳለሁ፣ የተበጠሰ ሐብል እቀጥላለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልኬና ከተቃጠሉ ጣቶቼ ነው የተማርኩት። በትርፍ ጊዜዬ አራት ዓመት ሙሉ ውስጡ ባዶ የሆነ የነሐስ አውራ ዶሮ ለመሥራት ስታገል ኖሬአለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የዶሮውን ሆድ ከጭቃ ትሠራለህ። በላዩ ሰም ትለብጥና ሰሙን ዶሮ ታስመስለዋለህ። በጥቂት ምስማር ወግተህ በሌላ ጭቃ ትሸፍነዋለህ። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የውስጡ ጭቃ በምስማሮቹ ተይዞ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሰሙ በለቀቀው ክፍተት ነሐሱን ታፈስሳለህ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለብኝም። ችግሩ ምስማሩ ተነቅሎ የውስጡ ጭቃ ሲወጣ ነው፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳውን በብየዳ ስደፍነው ወይ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ወይ ወርቅ ልቀባው እሳት ላይ ስመልሰው ድፍኑ ዱብ ይላል። አሥራ አንድ ዶሮ እንዲህ ሆኖብኛል።

በጥንት እስያ የቡድሃን ምስል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ግን ይህን ችግር ከሺህ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። ነሐሱን ልክ እንደኔ በሰም ያፈስሳሉ። ከዚያ ወርቅን ከሜርኩሪ ጋር አላቁጠው ይቀቡታል፤ እሳት ላይ ሲያወጡት ሜርኩሪው ተንኖ ይሄድና ወርቁ ብቻ ይቀራል። ድፍናቸው ያንን ሁሉ እሳት ችሎ ዛሬም በቦታው አለ። እንዴት? ፎቶዎቻቸውን ለዓመታት ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ ፎቶ አንሺ ግን ሁልጊዜ ፊቱን ነው የሚያነሳው። እኛ አንጥረኞች ደግሞ አንድን ሥራ የምናምነው ገልብጠን ካየነው በኋላ ነው። ብየዳውም፣ ስህተቱም፣ ጥገናውም ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሎስ አንጀለስ ሙዚየም ውስጥ ያለውን የአንዱን ጀርባ አይቼ ካልገባኝ ማቅለጫ ምድጃዬን እሸጣለሁ። ገዢም ተገኝቶ ነበር፤ ጎረቤቴ ኦቾሎኒ ሊቆላበት ፈልጎ የመመለሻዬን ቀን ይቆጥር ነበር።

ሐሙስ

ቪዛውን ያገኘሁት የአጎቴ ልጅ ቤቲ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስለምትመረቅ ተጋብዤ ነው። በእጅ ሻንጣዬ አሥራ አንደኛውን ዶሮ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ከቡድሃው ጋር ላስተያየው። ቦሌ ላይ ፈታሿ ሻንጣውን አስከፈተችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዶሮ ነው።"

ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። "ሆዱን ምን ሆኖ ነው?"

"እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው።"

"እዚህ ሐኪም ጠፍቶ?" አለችና ለባልደረባዋ አቀበለችው። እሱም ለሌላው አቀበለው። ሦስቱም ተራ በተራ ጣታቸውን በቀዳዳው ከተቱ፤ አንደኛው ጣቱን ለማውጣት ጥቂት ተቸግሮ ነበር።

ዓርብ

ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ ጠዋት ደረስኩ። የተቀበሉኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። አዲስ አበባ ሳሉ ጎተራ አካባቢ መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ። ሰማዩ ልክ እንደኛ ሰኔ ጠቁሯል። ጃንጥላ አወጣሁ። ጋሼ ሳቁ። "አስገባው። እዚህ ይደምናል እንጂ አይዘንብም።" እውነታቸውን ነው፤ በየቀኑ እስከ እኩለ ቀን ያስፈራራል፣ ከዚያ ምንም ሳይል ይበተናል። እኔ ግን ጃንጥላውን እስከ መጨረሻው ቀን አልተውኩትም።

ቤታቸው ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ነው። ጎዳናው ላይ የምግብ ቤቶቹ፣ የሸቀጥ ሱቆቹና የፀጉር ቤቶቹ ማስታወቂያ በአማርኛ ነው፤ ከኛ ሰፈር የሚለየው የእግረኛ መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ አቅፈው ሳሙኝና ወዲያው ማዕድ አቀረቡ። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ የሰሃኑን ማኅተም ለማየት ገለበጥኩት። ቂጣ ፍርፍሩ ላዩ ላይ መሆኑን ያስታወስኩት ጭኔ ላይ ሲወድቅ ነው።

"በረራው ነው፣ እጁ ዝሎ ነው" አሉ እትዬ ብርሃኔ፣ ሌላ እየጨመሩልኝ። "እሺ፣ ምን እናሳይህ? ባሕር? ዲዝኒ?"

"ሙዚየም ውስጥ ያለ አንድ ቡድሃ አለ" አልኩ። "ጀርባውን ለማየት ነው።"

ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ጋሼ ተፈራና እትዬ ብርሃኔ ጴንጤዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ቀልድ አይደለም።

"ጣዖት?" አሉ ጋሼ። "ይህን ሁሉ አገር አቋርጠህ ጣዖት?"

"ፊቱን አይደለም ጋሼ። ጀርባውን ብቻ።"

"ጀርባው ጣዖት አይደለም?"

"አሠራሩን ነው የምፈልገው።"

"አሮንም የወርቁን ጥጃ ሲሠራ አሠራሩ ላይ ነበር ያተኮረው!"

ቤቲ ጣልቃ ገባች። "ዳዲ፣ ፕሊስ። ሙዚየም ነው እኮ። ሶ ዋት?"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ነገ ምርቃት ነው፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ከዚያ እናያለን" አሉ። ይህ "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ እኛም አገር እናውቀዋለን።

ቅዳሜ

ምርቃቱ ዌስትውድ ነበር። ጥቁር ካባ የለበሰ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ቤቲን መለየት አልቻልንም፤ እትዬ ብርሃኔ ግን እልልታውን ለማንም አላዳሉም፣ ለጥቁር ካባው ሁሉ አወረዱት። አንድ የማናውቀው ቤተሰብ አመስግኖን ሄደ።

ምሳው ቤት ነበር። ከእንግዶቹ መካከል እትዬ ሙሉ የሚባሉ የቤቱ ወዳጅ አንጥረኛ መሆኔን ሲሰሙ የእጃቸውን አምባር አውልቀው ሰጡኝ። "እስቲ እየው። የዱባይ ወርቅ ነው።"

እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። መቆለፊያው አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ የተፋቀ ቦታ ነበር፤ ከሥሩ መዳብ ብቅ ብሏል። መልሼ ሰጠኋቸው።

"እ?"

"ሥራው ጥሩ ነው እትዬ።"

"ስለ ሥራው አልጠየቅኩህም።"

ዝም አልኩ። መዋሸት አልችልም፤ መናገርም አልደፈርኩም። እትዬ ሙሉ አምባራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና "አውቄዋለሁ! የሸጠልኝን ሰውዬ ሳቅ ሳየው አውቄዋለሁ!" ብለው ኬኩን በሹካ ወጉት። ከዚያ በኋላ ምሳ ላይ ማንም ወደኔ እጁን አልዘረጋም። ሴቶቹ ሁሉ እጅጌያቸውን ዝቅ አድርገው በሉ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳላወልቅ መዘመሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር። በስተመጨረሻ ፓስተሩ "ከሩቅ የመጣ ወንድማችን አለ" ብለው አስነሱኝ፤ ጋሼ ነግረዋቸው ኖሯል። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ዓይኔ ከማይገባ ነገር እንዲጠበቅ ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ረጅምና ከልብ ነበር፤ አንድ የማላውቃቸው ሰው አልቅሰውልኛል። ያፈርኩት በራሴ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ከቡድሃው ትከሻ በታች ስንት ቀዳዳ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበርና።

ጸሎቱ ሲያልቅ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሌላ ቤት። ሙዚየሙ ሲዘጋ እኔ ሦስተኛ ቤት አራተኛ ሰሃን ላይ ነበርኩ። ሰሃኑን አልገለበጥኩትም፤ ቢያንስ ያንን ተምሬአለሁ።

ሰኞ

ማንንም ሳላስቸግር ጠዋት በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁለት መኪና ቆመው ጠፍቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሃያ ደቂቃ ብለው የነገሩኝ እውነት ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ደረስኩ። ሰኞ ዝግ ነበር።

ስመለስ ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ። "ክሎዝድ?"

"ዝግ ነው።"

ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ከዚያ ደስ ስላላቸው ቀኑን ሙሉ በቫናቸው አዞሩኝ። መንገደኛ ይዘን በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን፣ ሌላ መንገደኛ ይዘን በሆሊውድ ተመለስን። መብራት ላይ ቫኑ ሲንተከተክ ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። "ሰማህ? ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። እኔ ሞተርን ሳልከፍት ነው የማውቀው።" ስለ መንገደኞቻቸው ሲያወሩ ይሰለቻሉ፤ ስለ ሞተር ሲያወሩ ግን መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ ይነፋባቸዋል።

ማክሰኞ

ይህ ቀን የጠፋው በእትዬ ሙሉ ነው። ለፌርፋክስ ሁሉ ተናግረዋል። ጠዋት ወደ ሙዚየሙ ስሄድ ከአንድ ምግብ ቤት በር ላይ "አንተ ነህ ያ ዝም የሚለው ልጅ?" ብለው ጠሩኝ። ውስጥ ሰባት ሰው ይጠብቀኛል። ሐብል፣ ጉትቻ፣ የጋብቻ ቀለበት በየናፕኪኑ ላይ ተዘርግቷል።

አንዱን እየገለበጥኩ "ጥሩ ነው" እላለሁ፤ ባለቤቱ "ተመስገን" ይላል። ሌላውን ገልብጬ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ባለቤቱ "ወይኔ!" ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። አንድ ሰው የሚስታቸውን ቀለበት ይዘው መጥተው ገና ሳልገለብጠው ቀሙኝ። "ተወው ተወው። ሃያ ዓመት በሰላም ኖረናል።" ሁሉም በምስጋና ምግብ ያዝዙልኛል። ከሰዓት በኋላ ስነሳ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ ነበር። ሙዚየሙ ተዘግቷል። ሐሙስ ጠዋት በረራዬ ነው።

ማታ ዶሮውን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ አየሁት። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ለዚህ ነው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኦቾሎኒውን ሰውዬ ጨምሬ። ጋሼ ዶሮውን አንስተው ቀዳዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ኦቾሎኒ" አሉ ቀስ ብለው፣ እንደሚያማቸው። "ነገ ድራይቭ አድርጌ እወስድሃለሁ። ግን እኔ አልገባም።"

እትዬ ብርሃኔ የመኳያ መስታወታቸውን፣ ባለ ሮዝ እጀታውን፣ ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። "ጀርባ የሚያይ ሰው መስታወት ያስፈልገዋል" አሉ።

ረቡዕ

በእግር ሃያ ደቂቃ የሚሆነውን በመኪና ሄደን ፓርኪንግ ስንፈልግ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ጋሼ ቫኑ ውስጥ ቀሩ፤ መስኮቱን ሁሉ ዘጉ።

ክፍሉ ጸጥ ያለና ደብዛዛ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት የብርና የወርቅ ዕቃዎቹን ነው፤ የቅዱሳን አፅም ይቀመጥባት የነበረች አውራ ጣት የምታህል የብር ሣጥን፣ ጤፍ በሚያካክሉ የወርቅ ጠብታዎች የተሸፈነ ጉትቻ። እኛም ጠብታ እንሠራለን፤ የኔ ግን ከነሱ አጠገብ አተር ነው። አንዱን ጠብታ ሳያቀልጡ ከሌላው እንዴት እንዳጣበቁት አስቤ ትንሽ ቆምኩ።

ከዚያ ቡድሃው። ከኔፓል የመጣ፣ ወርቅ የተቀባ ነሐስ። ቆሟል፤ ልብሱ ሰውነቱ ላይ እንደ ረጠበ ነጠላ ተጣብቋል። ዓይኖቹ ግማሽ ተከድነዋል። ጉልበቱና ደረቱ ላይ ወርቁ ተልጧል፤ ምእመናን ለብዙ ዘመን የዳሰሱት ይሆናል። ፊቱ ላይ ግን ምንም እንከን የለም። ይህ ነው የሚያናድደው። የመስታወት ሣጥኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ክንድ የማይሞላ ክፍተት፣ ከዚያ መስኮት።

በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ። የእትዬ ብርሃኔን መስታወት አውጥቼ እጄን ወደ ክፍተቱ ሰደድኩ። ጣራውን አየሁ። የራሴን አፍንጫ አየሁ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና መስታወቱን ከታች ቀሰርኩት። "አይ ፈጣሪዬ፣ ትንሽ ብቻ ዞር ቢል" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ወንድም፣ አይዞርም። አንተ ግን ተነስ።"

አማርኛ ነው። ከላዬ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ቆሟል። ሰይድ ይባላል፤ የከሚሴ ልጅ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዶሮዎቹን ከአሥራ አንደኛው እስከ መጀመሪያው ድረስ። እያሳዘንኩት መጣሁ መሰለኝ፣ ወደሚቆምበት ጥግ ወሰደኝ። "እዚህ ቁም። ትንሽ በርከክ በል። ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን መስኮት እይ።"

መስኮቱ ጥቁር መስታወት ነው። እዚያ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ ቡድሃው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

"እኔ ሦስት ዓመት ጀርባውን ነው የማየው" አለ ሰይድ። "መጀመሪያ እዚህ ሲመድቡኝ ጨንቆኝ ሸኻችንን ጠየቅኳቸው። 'ልጄ፣ ጠብቀው እንጂ አትስገድለት' አሉኝ።"

ከትከሻው መሐል አንድ፣ ከወገቡ በታች ሁለት፣ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ደብተሬን አውጥቼ ሳልኩ። ጠርዛቸው ላይ የብየዳ ቀለም የለም። እንዴት እንደያዙ ግን አልገባኝም። ብየዳ ካልሆነ ምንድን ነው? ሰዓቴን አየሁ። የኦቾሎኒ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ።

በዚህ መሐል ጋሼ ተፈራ በበሩ ገቡ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በጥድፊያ። "ኤፍሬም! የፓርኪንጉ ሰዓት ሊያልቅ ነው!"

"ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ። ቀዳዳውን አገኘሁት፣ ድፍኑ ግን አልገባኝም።"

"የታለ?" ያሉት ሳያስቡት ነው። መካኒክን 'አልገባኝም' ብለህ ማቆም አይቻልም። በኔ ቦታ ቆመው ወደ መስኮቱ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ይሄማ ታፖ ነው!"

"ምን?"

"ታፖ! የሞተር ብሎክ ጎኑ ላይ ያሉትን ክብ ክብ ነገሮች አላየህም? ብሎክም እንዳንተ ዶሮ ነው፤ ውሃ የሚሄድበት ባዶ እንዲኖረው ሲፈስ ውስጡ አሸዋ ይደረጋል። አሸዋው ሲወጣ ቀዳዳ ይቀራል። በምን ይደፈናል?"

"በብየዳ?"

"አንተ ልጅ! ብየዳማ ሲግል ይለቃል! ታፖውን ከቀዳዳው በፀጉር ያህል ታስበልጠዋለህ፣ በመዶሻ ትጠቀጥቀዋለህ፣ በቃ! ሲግል ሁለቱም አብረው ይሰፋሉ፣ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። እየው፣ ጠርዙ ላይ፣ የመዶሻው ምልክት!"

"ጋሼ፣ ድምፅ ይቀንሱ፣ እንጀራዬን ያሳጡኛል" አለ ሰይድ።

"ቆይ፣ የታችኛውን ላየው።" ጋሼ የታችኛውን ታፖ ለማየት ሁለት ጉልበታቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው በመዝሙር ጮኸ። በጉልበታቸው ወደኛ ዞረው ለማጥፋት ሲታገሉ ተከፈተባቸው፤ ለካ የቪዲዮ ጥሪ ኖሯል። እትዬ ብርሃኔ ያዩት ባላቸውን ተንበርክከው፣ ከኋላቸውም በወርቅ የተለበጠ ቡድሃ ነው።

"ተፌ! ተንበርክከህ ነው?!"

"ታፖ እያየሁ ነው!"

"ታፖ ስሙ ነው?!"

ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ቫኑ ስንመለስ መስታወቱ ላይ የቅጣት ወረቀት ተሰክቷል። ጋሼ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ቤት ድረስ ያወሩት ስለ ታፖ ብቻ ነው።

ሐሙስ

እትዬ ብርሃኔ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለፓስተሩ አልነገርኩም" አሉኝ በጆሮዬ። "አጎትህ ራሱ ይንገር።" መስታወታቸውን ብመልስላቸው አልቀበል አሉ።

ቤት በደረስኩ ማግስት የኦቾሎኒው ጎረቤቴ ጋሪ ይዞ መጣ። ምድጃው እየነደደ ስለነበር አልተጠጋም፤ ጥቂት ቆሞ አየና ጋሪውን ይዞ ተመለሰ። አሥራ ሁለተኛው ዶሮ ሲወጣ ምስማሮቹን ነቀልኩ፣ ቀዳዳዎቹን አራት ማዕዘን አድርጌ ሞረድኩ፣ ከቀዳዳው በፀጉር ያህል የሚበልጥ ነሐስ ቆርጬ በመዶሻ ጠቀጠቅኩ። ወርቅ ቀብቼ እሳት ላይ መለስኩትና ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ፤ የ"ዱብ" ድምፅ ጠበቅኩ። ምንም አልተሰማም። ወርቁም ያዘ።

ደረቱን ነፍቶ እንደቆመ ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ተፈራ ላክሁላቸው። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ መልሱ ወዲያው መጣ።

"ቆንጆ ነው። ጀርባውን ላክ።"